እንግዳው በእግሩ መጣ

አትናቴዎስ ቤታችን ሊመጣ መሆኑን መጀመሪያ የነገርኩት ለመሲ ነው። ሰኞ ጠዋት ሰልፍ ላይ ቆመን፣ ጉሙ ገና ከትምህርት ቤቱ አጥር ሳይነሳ፣ ጆሮዋ ላይ ተለጥፌ ነገርኳት። መሲ ምስጢር የምትይዘው ባንዲራው እስኪሰቀል ብቻ ስለነበር፣ እረፍት ላይ ሁለተኛ ክፍል በሙሉ ከቦኝ ቆመ።

«የትኛው አትናቴዎስ?» አለኝ ስንታየሁ። የክፍል አለቃችን ነው፤ በቁመትም በዕድሜም ከሁላችን ይበልጣል።

«የሬዲዮው።»

«የሬዲዮው አትናቴዎስ እናንተ ቤት ምን ሊሠራ?»

«እንግዳ ሆኖ ነዋ። ቅዳሜ ነው የሚመጣው። እናቴም እትዬ አየለችም ብለዋል።»

አልዋሸሁም። በሁለት ጆሮዬ የሰማሁትን ነው የተናገርኩት።

ያኔ ሞላሌ ውስጥ ሬዲዮ ያለው ቤት ሁሉ ቅዳሜ ከሰዓት የሚከፍተው አንድ የቀልድ ፕሮግራም ነበር፤ «ጥርስ አይከደን» ይባላል። አዘጋጁ ፈንታ የሚባል፣ ገና «እንደምን ዋላችሁ» ሲል ሰው የሚያስቅ ሰው ነው። በየሳምንቱ አንድ ታዋቂ ሰው ይጋብዛል፤ ዘፋኝ፣ ኳስ ተጫዋች፣ የቲያትር ሰው። የመጣው ሁሉ አንድ ቀልድ የመናገር ግዴታ አለበት። ቀልዱ አዳራሹን ካላሳቀ ቅጣቱ እንደ በግ መጮህ ነው። እኛ ደግሞ የመንዝ ሰዎች ነን፤ በግ እናውቃለን። አንድ ጊዜ ስመ ጥር ኳስ ተጫዋች ተቀጥቶ ሲጮህ አባቴ በጣም ተናደደ። «ይኼ እኮ ፍየል ነው» አለ። «አገር የሚያውቀው ሰው በግና ፍየል አይለይም?»

እናቴ ወሰንየለሽ ሳቅ የምትወድ ሴት ነበረች። «ነበረች» ብዬ ስጽፍ ደነገጥኩ፤ እግዚአብሔር ዕድሜዋን ያርዝመውና አሁንም ናት። ቅዳሜ የሰማችውን ቀልድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ለጎረቤት ትናገረዋለች፤ ከሬዲዮውም ይልቅ እሷ ስትናገረው ሰው ይስቃል። የት ላይ እንደሚቆም፣ የት ላይ ድምፅ ዝቅ እንደሚል ታውቃለች። አብልጣ የምትወደው ደግሞ አትናቴዎስን ነበር። ከእኛው አገር ወጥቶ አዲስ አበባ የገባ ኮሜዲያን ነው፤ ቀልዱም ስለ እኛው ሰው ነው።

እናም በዚያ ሰሞን ቅዳሜ ፈንታ ሲሰናበት እንዲህ አለ፦ «በሚቀጥለው ሳምንት የመንዙን ልጅ አትናቴዎስን ይዘን ቤታችሁ ድረስ እንመጣለን። እንግዳችንን በደንብ ተቀበሉት።»

ይህ ብቻ ቢሆን እጠራጠር ነበር። በነጋታው ግን እትዬ አየለች መጡ። የእናቴ ጎረቤትም የነፍስ አባት ያህልም ናቸው፤ በሰፈራችን ያሉ ልጆችን ሁሉ የተቀበሉ የልምድ አዋላጅ። እናቴን ቁጭ ካለችበት ከላይ እስከ ታች አዩዋትና «እንግዳው ቅዳሜን አያልፍም» አሏት።

«እርስዎ ካሉ» አለች እናቴ።

«ሁለቱ ሳያድሩ ነው የሄዱት። ይኼን እንኳ እመቤቴ ታሳድርልን።»

አሁን እኔም ወልጃለሁ፤ የሴቶቹን ቋንቋ ለምጄዋለሁ። እርጉዝ ሴት ባለችበት ቤት የሚመጣው ልጅ በስሙ አይጠራም፤ «እንግዳ» ነው የሚባለው። በተለይ ከዚያ በፊት ሁለት ልጆች ተወልደው ሌሊቱን ሳይሻገሩ በሞቱበት ቤት፣ ሦስተኛውን በይፋ ማንሳት መጥፎ ነገር መጥራት ይመስላል። እናቴ አንዲት ብጣሽ ጨርቅ አላዘጋጀችም። ሆዷን በአባቴ በርኖስ ሸፍና ወራቱን አሳለፈች፤ በእኛ ብርድ በርኖስ መደረብ ለማንም አይገርምም። እኔም ወፈረች እንጂ ሌላ ነገር አልታየኝም።

የገባኝ እንዲህ ነው፦ ከዚህ በፊት ሁለት ታዋቂ ሰዎች እኛ ቤት መጥተው፣ አንድ ነገር ቅር ብሏቸው ሳያድሩ ሄደዋል። አልጋው ጎርብጧቸው ይሆናል፤ ወይም እግራቸውን የሚያጥባቸው አጥተው። አትናቴዎስ ግን ያድራል። እሱን ማሳደር የእኔ ሥራ ነው።

ሳምንቱን ሙሉ በደስታ እግሬ መሬት አልነካም። ግቢውን ጠረግሁ። የእግር መታጠቢያ ሳፋውን በአመድ ፈትጌ ከበሩ ጎን ደፋሁት። ያለኝን አንድ ትራስ ፀሐይ ላይ አሰጣሁት። በመሃል እናቴን እየሄድኩ እጠይቃታለሁ።

«እማዬ፣ እንግዳው ምን ይወዳል?»

«ወተት።»

«ሌላስ?»

«እንቅልፍ።»

«ቀልድስ?»

ሳቀች። «እሱ እንኳን ውሎ አድሮ ነው።»

«ስንት ቀን ይቆያል?»

ሳቋን አቆመች። ያጠብኩትን ሳፋ አየችው፤ ትራሱንም አየችው። «ይቺን ልጅ ነግረዋታል ማለት ነው» ብላ ለራሷ አጉረመረመች። ከዚያ «ማርያም ከፈቀደችለት ብዙ ይቆያል» አለችኝና ፊቷን አዙራ ወደ ጓዳ ገባች።

ቅዳሜ ጠዋት እናቴ ግድግዳውን ይዛ ወዲያ ወዲህ ስትል ነቃሁ። አባቴ መምህር ሀዲስ ጃኬቱን ለብሶ በሩ ላይ ቆሟል። ያለ ሰንበት የማይለብሰው ጃኬት ነው፤ በዚህም ተደሰትኩ። እትዬ አየለች ከሁለት ሴቶች ጋር መጥተው ገቡና እኔን በትከሻዬ ይዘው አወጡኝ።

«አንቺ ደጅ ተጫወቺ። ሰው ቢመጣ እንግዳ እየጠበቁ ነው በዪ።»

«እሺ እትዬ። መጥቷል እንዴ?»

«መንገድ ላይ ነው።»

ካቡ ላይ ወጥቼ መንገዱን ስጠብቅ ቆየሁ። ጉሙ ተገፎ ፀሐይ ወጣ። ከውስጥ አልፎ አልፎ የእናቴ ድምፅ ይሰማል፤ ከባድ ነገር የምታነሳ መሰለኝ፤ ለእንግዳው አልጋ ቦታ እየቀየሩ ነው ብዬ አሰብኩ። ፀሐይዋ ጠንከር ስትል እትዬ አየለች ብቅ አሉ። እጃቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ አባቴን ወደ ጥግ ሳቡት። በሹክሹክታ ነው ያወሩት፤ እኔ ግን ካቡ ላይ፣ ከራሳቸው በላይ ነበርኩ።

«ሀዲስ፣ እንግዳው በእግሩ ነው የሚመጣው።»

«በእግሩ?» አለ አባቴ። ፊቱ አመድ መሰለ።

«በእግሩ። ሩጥና መኪና ፈልግ። መሐል ሜዳ ነው እንጂ እዚህ አይሆንም።»

አባቴ ባርኔጣውን እንኳ ሳያነሳ ሮጠ። ለእኔ ነገሩ ወዲያው በራልኝ። አውቶቡሱ ተበላሽቶበት አትናቴዎስ ከመሐል ሜዳ ያን ሁሉ ጠጠር መንገድ በእግሩ እየመጣ ነው፤ አባቴ ደግሞ መኪና ፈልጎ ሊቀበለው ሄደ። አባቴ ይህን ያህል እንግዳ አክባሪ መሆኑን ያን ቀን አወቅሁ።

የ«በእግሩ» ትርጉም የገባኝ አሥራ አንደኛ ክፍል ሆኜ ነው። የባዮሎጂ አስተማሪያችን ስለ ወሊድ ሲያስረዱ «አንዳንዴ ልጁ በጭንቅላቱ ሳይሆን በእግሩ ይመጣል፤ ያኔ ለእናትም ለልጅም ያሰጋል» አሉ። ክፍሉ ውስጥ ብቻዬን ሳቅሁ። ከዚያ አስፈቅጄ ወጥቼ መጸዳጃ ቤቱ ግድግዳ ሥር ተቀመጥኩ። የዚያን ቅዳሜ ፍርሃት ዘጠኝ ዓመት ዘግይቶ እዚያ ደረሰኝ፤ ከደረሰኝም በኋላ ተመልሶ አልሄደም።

ያን ቀን ግን በቤቱም በደጁም የማልፈራ እኔ ብቻ ነበርኩ።

ከሰዓት ላይ ልጆቹ መጡ። መሲ ፀጉሯን ተሠርታለች። ስንታየሁ የወንድሙን ሸሚዝ ለብሷል። ሌሎቹ ከካቡ ሥር ተደረደሩ፤ ታናናሾቻቸውን ያዘሉም አሉ።

«የታል?» አለ ስንታየሁ።

«እየመጣ ነው። በእግሩ ነው።»

«በእግሩ? ታዋቂ ሰው በእግሩ ይሄዳል?»

«አውቶቡሱ ተበላሽቶበት ነው። አባዬ መኪና ይዞ ሊቀበለው ሄዷል።»

ይህ አሳመናቸው። ቁጭ ብለው ጠበቁ። ግን ብዙም ሳይቆይ ከላይኛው ሰፈር አንድ ልጅ እያለከለከ መጣ። «ኧረ ሬዲዮ ላይ ነው» አለ። «አሁን ነው የጀመረው። አትናቴዎስ ከፈንታ ጋር እየተሳሳቀ ነው፤ እኛ ቤት ተከፍቷል።»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

«ሬዲዮ ላይ እያወራ እንዴት በእግሩ ይመጣል?» አለ ስንታየሁ።

«ማይኩን ይዞታል» አልኩ። «እየሄደ ነው የሚያወራው።»

«ሰብሊ፣ ውሸታም ነሽ።»

መሲ እንኳን ዝቅ ብላ መሬት መጫር ጀመረች። ልጆቹ አንድ ሁለት እያሉ ሲነሱ አየሁ። ሊሄዱ ነው። እንግዳው ሲደርስ ደጁ ባዶ ሆኖ ያገኘዋል፤ ቅር ይለዋል፤ እንደ ሁለቱ ሳያድር ይሄዳል። ይህን ሳስብ ዝም ማለት አልቻልኩም። ግድግዳው ሥር ከተጣሉት ያረጁ የባትሪ ድንጋዮች አንዱን አነሳሁና ካቡ ላይ ቀጥ ብዬ ቆሜ አፌ ላይ ደገንኩት።

«እንደምን ዋላችሁ» አልኩ በፈንታ ድምፅ። «ይህ ጥርስ አይከደን ነው። የዛሬው እንግዳችን መንገድ ላይ ስለሆነ፣ እስኪመጣ እኔ የእሱን ቀልድ እነግራችኋለሁ።»

የሄዱት ቆሙ።

ከአትናቴዎስ ቀልዶች ሞላሌ በሙሉ የሚያውቀው አንድ አለ። በርኖስ የለበሱ የመንዝ ሽማግሌ አዲስ አበባ ሄደው ታክሲ ይሳፈራሉ። መንገድ ላይ አንዱ ተሳፋሪ «ወራጅ አለ» ይላል፤ ታክሲው ይቆማል፤ ሰውየው ተጣድፎ ይወጣል። ትንሽ እንደሄዱ ሌላዋ «ወራጅ አለ» ትላለች፤ እሷም ተጣድፋ ትወጣለች። ያን ጊዜ ሽማግሌው ሱሪያቸውን እስከ ጉልበታቸው ሰብስበው ወንበሩ ላይ ይቆማሉ። ረዳቱ «አባት፣ ሒሳብ» ሲላቸው «ቆይ ልጄ» ይሉታል፣ «መጀመሪያ ወራጁ ይለፍ።» ገደል ለገደል ለሚሄድ የእኛ አገር ሰው ወራጅ ማለት በክረምት የሚወርድ ጎርፍ ነውና።

እኔ ግን ሁሉን በአንድ ትንፋሽ ልናገር ስል እንዲህ ብዬ ጀመርኩ፦ «አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ታክሲ ውስጥ ጎርፍ የመጣ መስሏቸው…»

ማንም አልሳቀም።

«አላሳቀም» አለ ስንታየሁ እጁን አጣጥፎ። «ባእ በዪ።»

«ባእ በዪ፣ ባእ በዪ» አሉ ሁሉም።

አፌን ልከፍት ስል ከቤት ውስጥ፣ ከተዘጋው መስኮት ጀርባ፣ የእናቴ ድምፅ መጣ። ሻካራና የተቆራረጠ ነበር፤ በደንብ ግን ተሰማ።

«ሰብሊ። ጎርፉን አትናገሪ። ጎርፉ… መጨረሻ ላይ ነው።»

«አንቺ ሴት አብደሻል እንዴ?» አሉ እትዬ አየለች ከውስጥ። ከዚያ ከሴቶቹ አንዷ ሳቋ አመለጣት። ሌላዋም ተከተለች። ደጅ ያለነው ሁላችንም ሳቅን፤ ስንታየሁ ጭምር።

«እንደገና» አለች መሲ። «ከመጀመሪያው።»

እንደገና ጀመርኩ። በርኖሱን አመጣሁ፣ ታክሲውን አመጣሁ፣ «ወራጅ አለ» ስል እናቴ እንደምታደርገው ቆም አልኩ። ጎርፉን ዋጥኩት። ቀሚሴን እስከ ጉልበቴ ሰብስቤ ካቡ ላይ በእግሬ ጣቶች ቆምኩ። «ቆይ ልጄ፣ መጀመሪያ ወራጁ ይለፍ» ስል ሳቁ ከካቡ ሥር ፈንድቶ ወጣ፤ ታዝሎ የነበረ ሕፃን ደንግጦ አለቀሰ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ደስታ አይቻለሁ፤ ድል ባለ ሠርግ ተድሬያለሁ፤ ልጄንም ታቅፌያለሁ። እንደዚያ ሳቅ ግን ከመሬት ያነሳኝ ነገር የለም።

ሳቁ በረድ ሲል ከቤት ውስጥ ሴቶቹ «ማርያም፣ ማርያም» ማለት ጀምረው ነበር። መጀመሪያ ቀስ ብለው፣ ከዚያ አንዷ ከሌላዋ ድምፅ እየነጠቀች። ለመቀበያ እየተለማመዱ ነው አልኳቸው ለልጆቹ። በዚያው ቅጽበት አንድ አይሱዙ አቧራውን እያስነሳ መጥቶ ደጃችን ቆመ። ሁላችንም ሮጥን። አባቴ ከጋቢናው ዘሎ ወረደ። ከኋላው ሹፌሩ ብቻ ነበር።

«አባዬ፣ አላገኘኸውም?»

ወደ በሩ ሮጠ። ያየኝም አይመስለኝም። በሩ ጋ ሲደርስ ከውስጥ የነበረው ድምፅ በአንዴ ተቋረጠ። ማርያም የሚል የለም፤ እናቴም የለችም። አባቴ እጁ በሩ ላይ እንዳለ ቆመ። ሹፌሩ ሞተሩን አጠፋ። እኔ ያን ዝምታ የቀልድ ዝምታ አድርጌ ነው የሰማሁት፤ መጨረሻው ከመምጣቱ በፊት ያለውን።

ከዚያ አንድ ቀጭን ድምፅ ተሰማ። «ባእ… ባእ…»

«በግ ነው?» አለ ስንታየሁ።

«አይደለም» አለች መሲ በእርግጠኝነት። «በጓዳ ገብቷል ማለት ነው። ቀልዱ ስላላሳቀ ተቀጥቶ ነው።»

እልልታው ቤቱን ሲሞላው አባቴ በሩ ሥር ቁጭ አለ። እንደ ትንሽ ልጅ፣ በጃኬቱ፣ አፈሩ ላይ።

እትዬ አየለች ወጥተው እጄን ያዙኝ። «ነይ፣ እንግዳሽን እዪ።»

ጨለም ካለው ክፍል ውስጥ፣ በእናቴ ነጠላ ተጠቅልሎ፣ ቀይና የተጨማደደ ነገር ተኝቷል። ፈልጌ ፈልጌ ከእሱ ሌላ እንግዳ አጣሁ። ከነጠላው ሾልከው የወጡ እግሮቹን አየሁ፤ ጠቁረዋል፣ አብጠዋል። ያን ጊዜ አመንኩ። ያን ሁሉ መንገድ በእግሩ መጥቶ እንዴት አያብጥ።

«ይኼ ነው?» አልኩ።

«እሱ ነው» አለች እናቴ። ከንፈሯ ነጭ ነበር።

«አያስቅም እኮ።»

ልትስቅ ስትል እትዬ አየለች አፏን በመዳፋቸው ያዙት። «ዝም በዪ ወሰኔ። ደሙ አልቆመም።» ድምፃቸው ሌላ ነበር። ወዲያው ሰው ገባ፣ ጋቢ ተዘረጋ፣ እናቴን በጋቢው በአራት ማዕዘን ይዘው አነሷት። እንግዳውን አንዷ ሴት ደረቷ ላይ አቀፈችው። ወደ አይሱዙው ይዘዋቸው ወጡ።

ያን ጊዜ ነው የጮህኩት። ስለ እናቴ ግን አልነበረም፤ ይህን ስጽፍ አፍራለሁ ማለት አልችልም፣ አላወቅሁማ። እንግዳው እየሄደ ነው። ገና ሳፋው እንደተደፋ፣ እግሩ ሳይታጠብ፣ ትራሱን ሳያየው። የመኪናውን ጎን ይዤ ተንጠለጠልኩ።

«አያድርም? አባዬ፣ ሳያድር ሊሄድ ነው?»

አባቴ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ሴቶቹም አንድ ላይ ማልቀስ ጀመሩ፤ የጠየቅሁት የሁሉንም ጥያቄ መሆኑን እንዴት ልወቅ። የመለሰችልኝ እናቴ ናት፤ ከጋቢው ውስጥ፣ ዓይኗን ሳትገልጥ።

«ያድራል። ሂጂ አልጋውን አንጥፊለት።»

መኪናው ወደ መሐል ሜዳ ተነሳ። ልጆቹ በየቤታቸው ሄዱ። መሲ ቀርታ አልጋውን አብራኝ አነጠፈች፤ ትራሱን መሃል ላይ አደረግነው።

እናቴ በመሐል ሜዳ ሆስፒታል ደም ተሰጥቷት፣ በሳምንቱ እንግዳውን ይዛ ተመለሰች። ደሙን የሰጠው አባቴ ነው። እንግዳው ተክለጻድቅ ተባለ። ዛሬ ደብረ ብርሃን መንገድ ሥራ ላይ ቀያሽ ነው፤ ቁም ነገረኛና ዝምተኛ ሰው ወጥቶታል። እስካሁንም አያስቅም።

እኔ አሁን መሐል ሜዳ እኖራለሁ። የመጀመሪያዋ ልጄ ትንሽ ስታስል ሳንባ ምች ነው እላለሁ፤ ስልክ ሲጠራ ሰው ሞተ እላለሁ፤ ባሌ ሚኒባስ ከዘገየበት መኪናው ተገልብጦ ነው። ሁለተኛውን ፀንሼ ስድስት ወር ገብቶኛል። በየወሩ ክትትል አለኝ፤ በመጨረሻው ጊዜ ሐኪሟ ምስሉን እያየች «ጭንቅላቱ አሁን ወደ ላይ ነው ያለው፤ ገና ጊዜ አለው፣ ይዞራል» አለችኝ። በመንገድ ላይ እያለቀስኩ መጣሁ። እናቴ ልትጠይቀኝ መጥታ ነበርና ቁጭ ብላ አገኘኋት። ነገርኳት። ከዚያም ስንት ዓመት አፌ ላይ ይዤው የኖርኩትን ጠየቅኋት።

«እማዬ፣ ያን ቀን አልፈራሽም ነበር?»

«ኧረ ፈርቼ ነበር። እንደምሞት አውቄዋለሁ፤ ከእትዬ አየለች ዓይን ላይ አነበብኩት።»

«ታዲያ እየሞትሽ እንዴት ስለ ቀልድ ትጮኻለሽ?»

የምትለቅመውን ምስር አቁማ አየችኝ፤ ነገሩ ይህን ያህል ግልጽ ሆኖ ሳለ መጠየቄ የገረማት ትመስል ነበር።

«ምን ላድርግ ልጄ» አለች። «ዝም ብዬ ብሞት ጎርፉን መጀመሪያ እየተናገርሽ ልታድጊ ነዋ።»